የሾፌራችን ጥንቃቄ

ይሄ ጥላ ግን እንዴት ደስ ይላል! ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ነፋሻ ቦታ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም። ድመቷ ያንተ ናት? አሮጌ ጎማ ውስጥ ተጠቅልላ እንዴት ተኝታለች በል... የታደለች። የሚያንገበግባት የለ፣ ሲጠብቋት ቀረች የሚላት የለ።

ሻይ? እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እጠጣለሁ። ስኳር አታብዛብኝ። ለእሱ? ያ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ የያዘው? ባሌ ነው፤ ስጠው እንጂ። ብቻ ትኩሱን አይወድም፤ አጠገቡ አስቀምጥለት። እስኪበርድ ይጠብቃል። ሁሉን ነገር እስኪበርድ መጠበቅ ይችልበታል።

ምን ሆነች አልክ? አሃ... መኪናዋን ነው? እኔን የጠየቅከኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጋለች ልጄ። ጋለች፣ ፈላች፣ ጨሰች፣ ከዚያ ዳገት መሐል ቆመች። «ትንሽ ሞቅ ብሏት ነው» አለህ አይደል እሱ? ልክ ነው። ቤትም ሲቃጠል የሚጀምረው ትንሽ ሞቅ ብሎ ነው።

በል አንተ ኮፈኑን ክፈትና እጅህ ሥራውን ይሥራ፤ እኔ ከሥሩ ላውራህ። ሐኪምና መካኒክ ሁሉን ካልሰማ በሽታው አይገባውም። ታዲያ አደራህን፣ የማወራህ ስለ ባሌ እንዳይመስልህ። እሱ ጋዜጣውን ያንብብ። የማወራህ ስለ ሾፌራችን ነው። አዎ፣ መኪናዋ የጋለች ዕለት የነዳን አንድ ሾፌር ነበረ። ስሙ ምን ያደርግልሃል? ሰው በስሙ አይነዳም፣ በእጁ ነው።

እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሾፌር መሰለህ! ዶሮ መንገድ ዳር ቆማ ካየ ፍሬን ይይዛል። ለቀይ መብራት ይቆማል፣ ለቢጫ ይቆማል፣ ለአረንጓዴውም ትንሽ ያመነታል። ጆሮው ደግሞ! ሞተር ውስጥ ትንኝ ብታስነጥስ ይሰማል። «ቺንጋዋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ትንሽ ላልታለች» ካለ ላልታለች። «የኋላ ግራ ጎማ ነፋስ ይፈልጋል» ካለ ይፈልጋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሲተነፍስ ብቻ ነው የማይሰማው... እሱ ደግሞ የመኪና ክፍል ስላልሆነ ይሆናላ።

አየህ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። አንዲቷን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ወደዳት። እሷም ወደደችው። ልጁ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሊጥ የሚያቦካ፣ ቤት ሲመጣ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው። እኔ ምን ነውር አለው? ዳቦ የማይበላ ማን አለ?

ሾፌራችንም ቢሆን ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ ሰው ሙያ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። «ዱቄቱ» ብቻ ነበር የሚለው። ዱቄቱ መጣ? ዱቄቱ ሄደ? ያንን ዱቄት ከወንበሩ ላይ አራግፉልኝ። እንግዲህ ይሄ ስድብ ነው? ቁልምጫ ነው። ልጁ በበር ሲገባ ደግሞ ሾፌራችን በጓሮ በር ይወጣል። ለምን መሰለህ? ወንበር እንዳያንስ! እንዴት ያለ አሳቢ ሰው... አልሸሹም ዞር አሉ ይባል የለ? እሱም አልሸሸም። ዞር ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ ዞር እንዳለ ነው የከረመ።

ልጄ ሾፌሩን ትወደዋለች። ሕፃን ሳለች መሪውን የምትይዘው ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደ አባቷ ነው የምታየው... ምን ያስቅሃል? እንደ አባቷ ነው ያልኩህ እኮ።

ሠርጉ ሲቃረብ መጣችና ፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «አዳራሹ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ ክንድህን ይዤ ነው የምገባው» አለችው። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። እሱ ምን አለ መሰለህ? መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና «እኔው ራሴ ነድቼ እመጣለሁ፤ የእኔን ልጅ ሌላ ሰው አያስገባትም» አላት። የእኔን ልጅ ይላል ሾፌሩ! አየህ የሰው ፍቅር? ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔም የዚያን ቀን ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ያለቀስኩት... የደስታ ነው። የደስታ እንባ ዕዳ የለውም ብዬ።

የሰፈራችን መካኒክ ከሠርጉ ዋዜማ መኪናዋን ነክቷት ነበር። ውሃዋን ሞላ፣ ቺንጋዋን አየ፣ ብሎኑን ሁሉ አጠባበቀና «ይቺማ ሙሽሮቹን አግብታ፣ ልጆቻቸውንም ትምህርት ቤት ታደርሳለች» ብሎ ሳቀ። ታዲያ ለምን ወደ እሱ አልሄዳችሁም፣ ከተማውን አቋርጣችሁ እኔ ዘንድ እንዴት መጣችሁ ትለኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። «የዚያ ሰውዬ እጁ ከባድ ነው» ተባልኩ። እጁ ከባድ ከሆነማ ምን ይደረጋል? ሩቅ መሄድ ነው። አፍንጫህ ሥር ያለ የሚያውቅህ መካኒክ ዘንድ መሄድ ምን ያደርጋል?

ጎርጉር፣ ጎርጉር፤ ግድ የለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ለሌላ ነው። የእኛ ዘንዶ አብሮን በመኪና ነው የመጣው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ቀድማ ሄደች። አዳራሹ ከዳገቱ ማዶ፣ የሙሽራው ቤተሰብ ሰፈር ነው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ቀሚሴን እተኩሳለሁ። በመስኮት ሳይ ሾፌራችን ማዳበሪያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል። እግሮቹ ብቻ ይታዩኛል። ሆዴ ራራ፤ «ይሄ ሰው ለልጁ... ለልጄ ማለቴ ነው፣ እንዴት ይጠነቀቃል» አልኩ። መካኒክ ያየውን ነገር እንደገና የሚያይ ሾፌር የት ይገኛል?

ሲወጣ የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሷል። «ምን ነካህ?» ብለው «ጤዛ ነው» አለኝ። ጤዛ... ከመኪና ሆድ ሥር። ሣር ላይ ነበር የማውቀው። ዕድሜ ስንቱን ያሳያል ልጄ!

ከዚያ ታጠበ፣ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ክራቫቱን እኔው አሰርኩለት። እጄ ላይ አንገቱ ይመታ ነበር፣ ትር ትር። ሰርገኛ ነውና መቼስ ይመታል።

ከተማውን ጨርሰን ዳገቱን ስንጀምር ፊት ለፊቱ ያለችው ቀስት ወደ ቀዩ ስትወጣ አየኋት። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «ጌጅ ናት» አለኝ። እኔ ጌጥ ናት ያለኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጌጥ ከሆነችማ ቀይ ያምርባታል። ትንሽ ቆይቶ ሽታ መጣ። «የሆነ ነገር ይሸተኛል» ብለው ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። በአፍንጫ የመጣውን በጆሮ መመለስ... ይሄ እኮ የተራ ሾፌር ሥራ አይደለም! ያቺ ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማል ያልኩህ ጆሮ የዚያን ቀን ሙዚቃ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከዚያማ ከኮፈኑ ሥር ጭሱ ተነሳ። አቆመ። ወረደ። ከፈተው። እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ቡፍ ሲል ወደኋላ ብሎ ቆመና... ምን ልበልህ፣ ሰዓሊ የጨረሰውን ሥዕል እንደሚያይ ነበር የሚያየው።

የቋጠርኩትን የመጠጥ ውሃ አወጣሁ። «ተይ! የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይሰነጠቃል» አለኝ። እውነቱን ነው? እውነቱን ነው አይደል? አየህ! አዋቂ ነው አላልኩህም? «የራዲያተሩን ክዳን ክፈተዋ» ስለው «እስኪበርድ አይነካም፣ ያቃጥላል» አለ። ይሄም እውነት ነው? ይሁን። እውነት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳገት ላይ ተሰበሰበ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ያልቸኮለው ሾፌራችን ግን አፈሰሰ እንጂ ሲለቅም አላየሁትም።

«ይልቅ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሂጂና ከዚያ ከላይኛው ቤት ጠይቂ» አለኝ። በአዲሱ ጫማዬ ዳገቱን ወጣሁ። ተረከዙ ቀጭን ነው፣ መንገዱ ኮረት ነው። አንዲት ደግ ሴት በጀሪካን ቀድታ ሰጠችኝ፤ «ሠርግ ነው?» ብትለኝ «የልጄ» አልኳት። እልል አለችልኝ፣ ከነጀሪካኔ።

ስመለስ አንድ ሚኒባስ ከመኪናችን አጠገብ ተነስቶ ሲሄድ አየሁ። ፊኛ ያንጠለጠለ፣ የሰርገኛ ሚኒባስ። ወደ አዳራሹ ነው የሚሄደው። እኔም ሞኟ ጀሪካን ባልያዝኩበት እጄ አወዛወዝኩላቸው። ሰርገኛ ሲያልፍ ማየት ደስ ይል የለ? «ምን አሉህ?» ስለው «መንገድ ጠፍቷቸው ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው» አለ። ያ መንገድ አንድ ነው ልጄ፤ መታጠፊያ የለውም። ግን ደግ ሾፌር የማይጠፋውንም መንገድ ያሳያል።

በኋላ የሙሽራው አክስት እቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ አትቀየሚን እኮ። ቆመን ነበር። ግቡ እንውሰዳችሁ ስንለው ሾፌራችሁ፣ የሙሽራዋ እናት በሌላ መኪና ቀድማ ሄዳለች፣ እኔም ይቺን አስነስቼ እመጣለሁ አለን። ባይለንማ ጥለንሽ እንሄድ ነበር?» አየህልኝ? እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገት ስወርድ፣ በሱ አፍ ግን አዳራሽ ደርሼ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። እንዲህ አድርጎ ሚስቱን... እንዲህ አድርጎ ተሳፋሪውን በፍጥነት የሚያደርስ ሾፌር አይተህ ታውቃለህ?

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እቤታችን ወርቅ ሞልቶ ተርፏል፤ ማስቀመጫ አጣንለት።

ሲበርድ ውሃውን ጨመረ። ያንን ጀሪካን ሙሉ። በላይ ገባ፣ በታች ወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ አስፋልቱ ላይ ረጅም መስመር ሆኖ ቁልቁል ሄደ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው «ላቧ ነው» አለኝ። ላቧ! መኪናዋ እንኳ አፍራ አላበች። ያላፈረ አንድ ሰው ብቻ ነበር እዚያ።

ስልክ? እሱንም ጠይቀኸኝ! የእኔ ስልክ ልጅቷን ለማጀብ የሄደችው የእህቴ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ በጥድፊያ ቀርቶ። የሱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነበር። ይጮሃል። ያየዋል። ይጮሃል። «አንሳው!» ስለው «ምን እላታለሁ? ልጅቷን በሠርጓ ቀን ላስደንግጣት?» አለኝ። ልቡ አልቻለማ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... ዶሮዋም ቢሆን ሆዷ አያውቅ ይሆናል እንጂ ብታውቅ ታነሳው ነበር።

መጨረሻ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና ጎትቶ አደረሰን። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። አዳራሹ በር ላይ የተበተነው አበባ እየተጠረገ ነው። ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ልጄ ቆማ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ መጨረሻ ላይ የእኔ ወንድም ነው አሉ ክንዱን የሰጣት። ግማሽ መንገድ ላይ ዞራ በሩን አየች አሉኝ። ዞራ አየች። ይሄን የነገሩኝ ሰዎች ባይነግሩኝ ምን ነበረበት...

እኛ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ጫማዋን አውልቃ። ያ ጋጋሪ ጫማዋን በእጁ ይዞ አጠገቧ ቆሟል። አሸዋ የጫነው መኪና ሲጎትተን ስታይ ብድግ አለች። በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔ እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ... በእኔ በኩል አለፈችና ሾፌሩ ዘንድ ደረሰች። ሁለት እጁን ያዘችው። ገለባብጣ አየችው፣ መዳፉን፣ ክንዱን፣ ፊቱን። «አልተቃጠልክም? ምንም አልሆንክም? የፈላ ራዲያተር ፊትህ ላይ ፈንድቶ ነው የቀረኸው ብዬ ነው እኮ...» አለችው።

ለምን ቀረህ አላለችም። አስተውል። አልተቃጠልክም ወይ ነው ያለችው።

«መኪናዋ ናት፤ መኪናዋ ከዳችኝ» አላት። እኔ ዞሬ መኪናዋን አየኋት። ይኸው አሁን እንደምታያት እንዲሁ አፏን ከፍታ ነበር። ቃል ግን አይወጣትም። የቤታችን ዕቃ ሁሉ ምሥጢር ጠባቂ ነው።

ዱቄቱስ ምን አደረገ በለኝ። ብርድ ነፍሷል፣ ሾፌራችን ደግሞ ሸሚዙ ሁሉ ላብ ነው። ልጁ የሠርግ ኮቱን አወለቀና ትከሻው ላይ ደረበለት። «ይብረድልዎ እንጂ አይብረድዎ አባባ» አለው፣ ሊያስቀው ብሎ። ሾፌራችን ኮቱን ይዞ አንገቱን ደፋ። ያን ያህል ጊዜ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም። ዱቄት ደግሞ አልነበረበትም፣ ኮቱ። አየሁት እኮ። አንዲት ቅንጣት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እየደወለች ምን ትላለች? «አባዬ ያቺን መኪና ሳታሠራ እንዳትነዳት፤ ትገድልሃለች»። አባዬ የምትለው እንግዲህ ባሌን ነው፤ ሾፌሩን አይደለም። ጋጋሪውም «የማውቀው መካኒክ አለ፣ ልውሰድልዎ» አለ። ሁለቴም ለመነ። አይሆንም ተባለ። ስለዚህ ነው እንግዲህ ያንተን እጅ ፍለጋ አስጎትተን እዚህ ድረስ የመጣነው።

እህ? ምን አልክ ልጄ? ውጣና ንገረኝ፣ ከዚያ ሥር ሆነህ አልሰማህም... ራዲያተሩ ቀዳዳ የለውም? ክዳኑም ደህና ነው? ቺንጋውስ? ፋኑም ይዞራል? ታዲያ ውሃው በየት ወጣ፣ ተነነ እንዴ?

የትኛዋ ብሎን? ታች ያለችው... ውሃ ማፍሰሻዋ። እ። ላልታለች። እስቲ አሳየኝ። ይቺ ናት? ይቺ ታናሽ ነገር? እና እንዴት ትላላለች? ንዝረት? ንዝረት ሊሆን ይችላል አልክ... ደግ ልጅ ነህ፣ ይባርክህ። እናትህ ያሳደገችህ ልጅ ነህ። ንዝረት እንበለው። ይሄ ንዝረት ግን ሦስቴ ዞሮ ነው የፈታት? በመፍቻ ነው? ማዳበሪያ አንጥፎ ነው?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር አባቶች። ተቀምጠው፣ ተረጋግተው ያጠበቁትስ እንዴት ይፈታል? እሱን አልነገሩንም። ተኝተው ነው የሚፈታው ለካ፣ በጀርባ።

ሞተሩስ? ተርፏል? ቴስታታውም አልተሰነጠቀ? ተመስገን! ተመስገን! ይኸው፣ ለሞተሩ የተጠነቀቀው ጥንቃቄ ከንቱ አልቀረም። ብረቱን ምንም አላስነካውም። ሌላው ሌላው ነገር ቢሰነጠቅ መለዋወጫው አይሸጥም እንጂ...

ምነው ተነሳህ፣ የኔ ጌታ? ጋዜጣውን ጨረስከው? ከመጣን ገጽ ስትገልጥ አላየሁህም ነበር፤ ደህና ነገር አገኘህበት መሰለኝ። ሻይህም ይኸው በረደልህ። ጠጣው እንጂ፣ እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል? ንዝረት ነው... ንዝረት ነው አይደል ልጄ?

አይ፣ ተቀመጥ ተቀመጥ፤ ከእኛ ምን አለህ። እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ስለ ሾፌሩ ነው የማወራው። እንዲያው ስናማው ውለን ሳንመርቀው ብንሄድ ደስ አይልም፤ የደከመ ሰው ነው። ብትፈልግ አንተም አሜን በል።

ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት። ጤናውን ይስጠው። ሸምግሎ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ዓይኑ በሩን በሩን ሲያይ፣ ልጄ የሚላት ልጅ ትድረስለት። ባሏ ይንዳላት፣ ያ ዱቄቱ። መንገዱ ዳገት አይሁንባት፤ ሲደውልላት ታንሳለት፤ ፊኛ ያንጠለጠለም ባያንጠለጥልም ቆሞ የሚጭናት አትጣ። ሳይመሽባት ገብታ፣ ሁለት እጁን ይዛ፣ ገለባብጣ ትይለት። እኛ ያላየነውን በሰዓቱ መድረስ እሱ ይየው... የሷ መኪና ብቻ አትጋልበት። አሜን።